ጨዉ ጠፍቷል ያልኩ ቀን

ውሃ ስጠጣ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ቶሎ አልውጣትም። አፌ ውስጥ ይዣት እቆያለሁ፣ በምላሴ ላይ አዞራታለሁ፣ ከዚያ ነው የምውጣት። ሰው ቤት ተጋብዤ እንዲህ ሳደርግ ያየኝ ሁሉ «ምነው፣ ውሃችን አላማረህም እንዴ?» ይለኛል። «ልማድ ነው» እላለሁ። የምን ልማድ! ፍርሃት ነው እንጂ። ሪያድ ውስጥ፣ መላዝ ሰፈር፣ የመጠጥ ውሃ የምታጣራ አንዲት ሱቅ ውስጥ ስሠራ ስንት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ቀን እንዲህ ያደረገችኝ አንዷ ቀን ናት።

ሱቃችን ትልቅ ነገር እንዳትመስላችሁ። ከፊት ስምንት ቧንቧ አላት፤ የሰፈሩ ሰው ጋሎኑን ይዞ መጥቶ ይሞላል። ከጀርባ ደግሞ እኛ አለን። ውሃው የሚመጣልን በቦቴ ነው፤ ቦቴውን እዚህ አገር «ዋይት» ይሉታል። ውሃው ጨዋማ አይደለም፣ ኖራው ነው የበዛ። ሦስት ቀን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ብታፈሉት ታቹ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ በሳሙና ብታጥቡበት አረፋ አይወጣውም። ይኼን ኖራ የሚይዝልን ሬዚን የሚባል ነገር ነው። ሬዚን ቢጫ፣ ድቡልቡል፣ ሰናፍጭ የሚያካክል ፍሬ ነው። ከሰው ቁመት በሚረዝሙ ሁለት በርሜሎች ውስጥ ሞልተነዋል። ውሃው በመሃሉ ሲያልፍ ሬዚኑ ኖራውን ይይዝና በምትኩ ከራሱ የጨው ወገን የሆነ ነገር ይለቃል፤ እሷ ለምላስ አትታወቅም።

ግን ሬዚንም ይጠግባል። የጠገበ ዕለት ኖራውን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ያን ጊዜ በርሜሉን ዘግታችሁ ከበድ ያለ የጨው ውሃ ታጠጡታላችሁ። የያዘውን ሁሉ ይተፋል፣ እንደ አዲስ ይራባል። ቀጥሎ ጨዉ እስኪለቅ በንጹህ ውሃ ታለቀልቁታላችሁ። ሥራው ይኼው ነው፤ ሁለት ወር የሠራበት ሰው ያውቀዋል። ጭንቁ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ጨዉ መልቀቁ በምን ይታወቃል? ካልለቀቀ ሰው የሚቀዳው የጨው ውሃ ነው።

እኛ በምላስ ነበር የምናውቀው። ምላሱ ደግሞ የእኔ አልነበረም፣ የጋሼ ነበር።

ጋሼ የምላቸው ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ነው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሃምሳውን የተሻገሩ ሙስሊም፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ቀጥለው «አብሽር፣ አይዞህ» የሚሉ። እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ማተቤን ከሸሚዜ ሥር ደብቄ የምሠራ፣ አፌም እጄም የሚቸኩል። ከሱቁ በላይ አንዲት ክፍል ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። እሳቸው ይሰግዳሉ፣ እኔ አማትባለሁ። ሥጋ የተሠራ ቀን ሁለት ሳህን፣ ሽሮ የተሠራ ቀን አንድ ሳህን።

ማለቅለቁ ሲጀመር ጋሼ ከበርሜሉ ግርጌ ካለችው ትንሽ ቧንቧ በኩባያ ይቀዱና ይጎነጫሉ፣ ይተፋሉ። «አልጠፋም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ይደግማሉ። «ገና ነው።» በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆዩና «ጠፋ» ይላሉ። ጠፋ ካሉ ጠፋ ነው። ይኼ ቃል ሪያድ ውስጥ ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም። ከአሠሪው የኮበለለ ሰው ጠፋ ይባላል፣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተቃጠለበት ጠፋ ይባላል፣ ስልክ የማያነሳ ወንድም ጠፋ ይባላል። እኛ ሱቅ ውስጥ ግን ደግ ቃል ነበረች። ጨዉ ጠፋ፣ ውሃው ለሰው ደረሰ ማለት ናት።

አሠሪያችን፣ ከፊላችን ማለቴ ነው፣ በዚህች ምላስ የሚኮራው ኩራት ሌላ ነበር። በእኛ ቋንቋ ከፊል ማለት ግማሽ ነው፤ ይኼኛው ግን በሆዱም በሳቁም ሙሉ ሰው ነበር። እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር ጋሼን እየጠቆመ «አቡ ሊሳን!» ይላል፣ የምላስ አባት እንደማለት ነው። መለኪያ ማሽን ነበረችን፣ እስክሪብቶ የምታክል፤ አንድ ቀን ገንዳ ውስጥ ወድቃ ሞተች። አዲስ ግዛልን ስንለው «ሊሳን እያለልኝ ማሽን ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ሳቀና ወጣ። ጋሼ ያን ቀን ጢማቸውን ሁለት ሦስቴ ሲነካኩ አይቻለሁ።

ከዚያ ያ የኮሮና ጊዜ መጣ። ሁለታችንም ታመምን፤ እኔ በሳምንቴ ተነሣሁ፣ እሳቸውም ተነሡ። ከተነሡ በኋላ ግን አንድ ነገር ልክ አልነበረም። ሲቀምሱ ይቆያሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፣ ይቆያሉ፣ እኔ ሥራ ልፈታ እደርሳለሁ። አንድ ጠዋት ከጨዉ ጆንያ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። የጨው ድንጋይ አፋቸው ውስጥ ከተው እየቆረጠሙ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ! ምን ሆነዋል? ጨው ይበላል እንዴ!»

«ድንጋይ ነው» አሉኝ። «ወላሂ ድንጋይ ብቻ ነው። ምንም አይልም።»

ሁለት ወር ደብቀውኝ ኖረዋል። ሐኪም ዘንድ ሄደው ጊዜ ይፈጃል፣ ይመለሳል ብሏቸዋል። አልተመለሰም። ያን ዕለት እጄን ይዘው ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ከፊሉ ይኼን ካወቀ ለምን ያስቀምጣቸዋል? እዚህ አገር ያሉት በዚያች ምላስ ነው፣ ኢቃማቸው የሚታደሰው በእሷ ነው፣ ኮምቦልቻ ያለው ቤታቸው የሚቆመው በእሷ ነው። «አንተ ቅመስልኝ» አሉኝ። «እጁ የእኔ ይሁን፣ ምላሱ ያንተ።»

እንዲህ ሆነን ሠራን። ሰው በሌለበት እኔ እቀምሳለሁ፣ እሳቸው «ጠፋ?» ይሉኛል፣ እኔ «ጠፋ» ወይም «ገና ነው» እላለሁ። ከፊሉ ቆሞ ሲያይ ደግሞ ቲያትር እንሠራለን። እኔ መጀመሪያ «እስቲ ልሞክር» ብዬ እጎነጭና ጨው ካለው እስላለሁ፤ ከሌለው ዝም እላለሁ። እሳቸው ቀጥለው ይጎነጩና ዓይናቸውን ጨፍነው ፍርድ ይሰጣሉ። አንድ ጊዜ እውነተኛ ጉንፋን ይዞኝ ደጋግሜ ስስል ሬዚኑ ግማሽ ቀን ሲለቀለቅ ዋለ። ያን ቀን ክፍላችን ገብተን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ደስ ይለን ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ በፊት የማንም ሰው ምስጢር እንዲህ በእጄ አልነበረም።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ዕረፍታችን ነው። ጋሼ ጾመኛ ናቸው፣ ለምን አልቀመሱም የሚል የለም። ክርስቲያኑ እኔ በግልጽ እቀምሳለሁ። እኔ ያን ጊዜ አልጾምም ነበር። ስደት ላይ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ ሁዳዴውንም ረቡዕ ዓርቡንም ትቼው ነበር። እሳቸውን ይኼ ነገር ይከነክናቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ጾምህን የት ነው ያስቀመጥከው? ሻንጣህ ውስጥ?» ይሉኛል። «እኔ ሙስሊሙ የማርያምን ጾም ላስታውስህ?»

«የማርያም አይደለም ጋሼ፣ ሁዳዴ የጌታ ነው።»

«የማንም ይሁን፣ ጹመው!»

ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰኞ የገቡበት ዓመት መጣ። እሑድ ማታ እሳቸው የጨረቃዋን ወሬ ሲጠብቁ እኔም ነገ እይዛለሁ አልኩ። እንዴት ደስ አላቸው! የእኛ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ይበቃ ነበር፤ ግን እልኸኛ ነኝ፣ እሳቸው እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ከቆዩ እኔም እስከ መግሪብ አልኩ። «ታዲያ ማን ይቀምሳል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አሰቡ አሰቡና «ምላስህን ብቻ ነክረህ ትፋው፤ አላህ ያውቃል፣ ያንተም ጌታ ያውቃል» አሉ። እንደዚያው አደረግን። እኔ ምላሴን እነክራለሁ፣ እተፋለሁ፤ እሳቸው በየጊዜው «ጾምህን እያስነካሁህ ነው፣ ዐፉ በለኝ» ይላሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰላም ሄደ።

ያቺ ቀን ከጠዋቱ ጀምራ ጠማማ ነበረች። ዋይቱ ዘገየ። በፊተኛው ቀን የጨዉን ገንዳ ክዳን ክፍት ትቼ ጨዉ ረጥቦ ድንጋይ ሆኖ አደረ። ጋሼ ያን አዩና ደንበኞች ፊት ተቆጡኝ። «ክዳን መክደን ያቃተው ሰው ነገ በርሜል ላስረክበው ነው?» አሉ። አንዲት የእኛ አገር ልጅ ጋሎን ልትሞላ መጥታ ቆማለች፤ ሱለይማኒያ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ለእኔ ፈገግ የምትል። ሰማች፣ ሳቀችም። ደሜ ፈላ። ጋሼ ወዲያው ለስለስ ብለው «አብሽር፣ ጾሙ ነው ያናደደህ» ሲሉኝ ደግሞ ባሰብኝ። ይኼን ያህል ነው እንግዲህ ነገሩ። ክዳን ነው።

ዋይቱ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሬዚኑን ጨው ማጠጣት ነበረብን፣ አጠጣን። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አልፎ ሰዉ ከፊት ተሰልፏል፤ ሁሉም ለመግሪብ ውሃ ይዞ ሊገባ ይቸኩላል። በዚያ ላይ ከፊሉ በየረመዳኑ ለሰፈሩ መስጊድ ድንኳን ውሃ በነፃ ይሰጣል፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ የየአገሩ ሠራተኛ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያፈጥራል። የድንኳኑ ማቀዝቀዣዎች ባዶአቸውን ቆመው ይጠብቁናል። ማለቅለቁን ጀመርን። ጋሼ በኩባያ ቀድተው ሰጡኝ።

«ገና ነው» አልኩ፤ ያኔ ቀምሻለሁ፣ ምላስ ይቆርጣል። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሰጡኝ። ሁለተኛውንም ነክሬ ተፋሁ፣ አሁንም ጨው ነው። ሦስተኛዋን ሲያቀብሉኝ ጀርባቸውን ሰጥተው ከፊት የሚጮህን ሰው «ደቂቃ! ደቂቃ!» እያሉ ነበር። ኩባያዋን ይዤ ቆምኩ። ጾሜን በእሳቸው ጨው ስነካካ መዋል ሰለቸኝ። መታዘዜም፣ ማገልገሌም፣ ሁሉም ሰለቸኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩና ውሃውን ሳልነካው መሬት ደፋሁት።

«ጠፋ?» አሉኝ።

«ጠፋ» አልኩ።

እጃቸው የጨዉና የውሃው ቫልቮች ላይ እንዴት እንደሚሄድ ባያችሁ። አንዱን ዘጉ፣ አንዱን ከፈቱ፣ ሦስተኛውን ሩብ ዙር መለሱ። አልቸኮሉም። ውሃው ወደ ፊት ሄደ። ተመልሼ ሰርቄ እቀምሰዋለሁ አልኩ ለራሴ። ሰዉ ግን ገፋ፣ ጋሎን በጋሎን ላይ ሆነ፣ ማቀዝቀዣዎቹን ሞልቼ በጋሪ ወደ ድንኳኑ ወሰድኩ። አልተመለስኩም።

አስቡት እንግዲህ። የሞላነውን ውሃ በዚያ ሰዓት የሚቀምስ አንድ አፍ ሰፈሩ ውስጥ የለም። ሁሉም ጾመኛ ነው። የቀዳውን ወስዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ፀሐይ ይጠብቃል። ያን ሁሉ ጋሎን፣ ያን ሁሉ ቤት። አፉ መከፈት የነበረበት ሰው አንድ እኔ ነበርኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ከፊሉ ጋሼን ከጎኑ አስቀምጧቸዋል፤ በየዓመቱ እንደዚያ ያደርጋል፣ የምላሱን ሰው ለእንግዶቹ ሊያሳይ። እኔ ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሜ እቀዳለሁ። ቴምሩ በየሰው ፊት ነው፣ ኩባያው ሞልቷል። አዛን አለ። ሰው ሁሉ ቴምሩን አፉ አድርጎ ውሃውን አነሳ።

መጀመሪያ የተፋው አንድ ወጣት ግንበኛ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ በሁሉም በኩል መሳል፣ መትፋት፣ «ያ አላህ! ሚልሕ! ሚልሕ!» ጨው፣ ጨው ማለታቸው ነው። አንድ ሽማግሌ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ውጪ ወጡ። ቀኑን ሙሉ የደረቀ ጉሮሮ ላይ ጨው! እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደረቅሁ።

ጋሼ ይጠጡ ነበር።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደስ ብሏቸው፣ ቀስ እያሉ ይጠጡ ነበር። አንዱን ኩባያ ጨረሱ። ከድንኳኑ ጫፍ ያለውን ጫጫታ የልጆች ጨዋታ መስሏቸው ይሁን አላውቅም፣ እጃቸውን ዘርግተው ሁለተኛውን ቀዱ። ከፊሉ የተፋው ውሃ ጢሙ ላይ እየተንጠባጠበ ያያቸዋል።  ከፊሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሃው እንዴት ነው?» አላቸው።

ጋሼ ፈገግ አሉ። «ማሻአላህ» አሉ፤ «ሂልዋ!» ጣፋጭ ነው ማለታቸው ነው። ጥሩ የመጠጥ ውሃን እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት።

ይቺን ቃል እስከ ዛሬ ልሰማት አልችልም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲላት ፊቴን አዞራለሁ።

ከሶላት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሦስታችን ቆምን። ከፊሉ ከየቧንቧው እየቀዳ ቀመሰ፣ ተፋ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ሁሉንም ነገሩት። ምላሳቸው ከበሽታው በኋላ እንደሞተ፣ እኔ እየቀመስኩላቸው እንደኖርን፣ ሁሉንም። ከፊሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ ቀምሰሃል?»

«ቀምሻለሁ» አልኩ።

«ልጁን ተወው» አሉ ጋሼ ወዲያው። «ጾሙን እየነካ ነው የሚቀምስልኝ። እሱ ጠፋ ካለ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተበላሸው በእጄ ነው። የጨዉን ቫልቭ በደንብ ሳልዘጋው ቀርቼ ይሆናል።» እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው አዩት። «አላወቅኩትም። ስዘጋው ትዝ ይለኛል፣ ግን እንግዲህ…»

አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር እያልኩ ለራሴ እጮኻለሁ። አፌ አልከፈት አለኝ። የእኔም ኢቃማ አለ፣ የእኔም ቤት አለ። ደግሞም እኮ አስቀድሜ «ቀምሻለሁ» ብያለሁ፤ አንድ ውሸት ሁለተኛውን ይዞ ቆመ። 

ከፊሉ ክፉ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ተቀምጦ «ምላሱ ቢጠፋ ግድ የለም፣ ማሽን እገዛ ነበር፤ እጁን ራሱ ካላመነው ግን በሰው ውሃ ላይ እንዴት ላስቀምጠው?» አለኝ። ልክ ነበር። በዚያው ሳምንት ሰዉ ጋሎኑን እያመጣ ከሱቁ ደጅ ሲደፋ ሰነበተ። ውሃው በፀሐይ ደርቆ አስፋልቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ስንት ቀን በመጥረጊያ ፈተግኩት።

ጋሼ ዒዱን አክብረው የመጨረሻ መውጫቸውን ይዘው ሄዱ፤ ኹሩጅ። ሻንጣቸውን ተሸክሜ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። እኔ ገና ጾም ላይ ነበርኩ፣ ፋሲካ አልደረሰም። አቅፈው ሳሙኝና «ጾምህን እንዳትተው» አሉኝ። ጨረስኩት። ፋሲካም አከበርኩ። ምን ዓይነት ጾም እንደነበር እኔና የጾምኩለት ነን የምናውቀው።

አዲሷ ማሽን መጣች። ውሃው ውስጥ ትነክራታለህ፣ ቁጥር ታሳይሃለች፣ አለቀ። የማንም ምላስ አያስፈልግም። እኔ ግን ከማሽኗ በኋላም እቀምሳለሁ። ቀምሼም አላምንም፣ ደግሜ እቀምሳለሁ። ሻይ ውስጥ ጨው ይመጣብኛል። የተኛሁበት ትራስ ጨው ጨው ይለኛል። ማለቅለቁን በጀመርኩ ቁጥር፣ የውሃው ድምፅ ቀጠን ማለት ሲጀምር፣ ከጀርባዬ ሰው «ጠፋ?» ይለኛል። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ጥርት አድርጌ ነው የምሰማው፤ ያ የወሎ ድምፅ፣ ከመጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው። መጀመሪያ መጀመሪያ እዞር ነበር። አንድ ቀን ከፊት አንዲት ደንበኛ ውሃው ደርሷል ወይ ብላ በዐረብኛ ስትጠይቀኝ «ጠፋ፣ ጋሼ» ብዬ በአማርኛ ጮኼ መለስኩላት። ልጆቿን ይዛ ፈጠን ብላ ሄደች። ሞተዋል እንዴ ብዬም የፈራሁበት ጊዜ ነበር፤ የሞተ ሰው እንጂ ያለ ሰው እንዲህ አይከተልም ብዬ። ስልክ ግን አልደውልም። ሲደውሉም አላነሳሁም። ጠፋሁባቸው።

ባለፈው ዓመት ዲራ ገበያ ውስጥ ጫማ ስመርጥ ከኋላዬ በወሎ ለዛ የሚያወራ ሰው ሰማሁ። ዞሬ አየሁ፤ ሌላ ሰው ነው፣ ከኮምቦልቻ በቅርብ የመጣ። አገር ለአገር ስንጠያየቅ ጋሼን የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ፤ ጎረቤታቸው ነው። ደህና ናቸው ወይ አልኩት።

«ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሥራ የሚባል ነገር እርም ብለዋል» አለኝ። «አንድ ባለሀብት እኛ አገር የውሃ ፋብሪካ ከፍቶ፣ ይኼን ሬዚን የምትሉትን ክፍል ያዙልኝ ብሎ ቤታቸው ድረስ ሦስት ጊዜ መጣ። እምቢ አሉ። እጄ ከድቶኛል፣ ሰው አጠፋለሁ ይላሉ። ወንድሜ፣ የግቢያቸው ቧንቧ ሲያፈስ እንኳ ሰው ነው የሚጠሩ። የእጄን ዙር አላምነውም ብለው ቆመው ያያሉ።»

ጫማውን አስቀምጬ ወጣሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ የበደልኳቸው ኢቃማቸውን ይመስለኝ ነበር። ኢቃማ ይተካል፣ አገር ገብተው ልጆቻቸውን አይተዋል፣ እንዲያውም ይሻላቸዋል እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አባብያለሁ። የወሰድኩባቸው እጃቸውን ነው ለካ። ሃያ ዓመት ሳይሳሳት የኖረ እጅ።

ዓርብ ጠዋት ነበር፣ ሱቁ ዝግ ነው። ከበርሜሎቹ አጠገብ ባዶ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። ወዲያው አነሡት።

«አንተ ልጅ! አለህ እንዴ? ሞተ ብዬ ዱዓ ሳደርግልህ!»

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን አልቀመስኩም።»

«የቱን ቀን?»

«የድንኳኑን ቀን። ሦስተኛውን ኩባያ አልቀመስኩም። ተናድጄብዎት ነበር። ሳልነካው ደፋሁትና ጠፋ አልኩዎት።»

 ከወዲያ ዶሮ ይሰማኛል፣ ሴት ልጅ የሆነ ነገር ትጠራለች። ስድቡን ጠበቅኩ። እርግማኑን ጠበቅኩ፤ ይገባኝ ነበር፣ እንዲያውም ፈልጌው ነበር። ቢረግሙኝ ያ ድምፅ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር።

«ቫልቩስ?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። «የጨዉ ቫልቭ?»

«ዘግተውት ነበር። አይቻለሁ ጋሼ። አንዱን ዘጉ፣ አንዱን ከፈቱ፣ ሦስተኛውን ሩብ ዙር መለሱ። ሁሉንም በትክክል ነው ያደረጉት። እጅዎ ምንም አልሆነም።»

«ሩብ ዙር መልሼው ነበር?»

«መልሰውታል።»

«አይተኸኛል?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

ስልኩ አንድ ነገር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከሩቅ ድምፃቸውን ሰማሁ። ባለቤታቸውን ይጠራሉ፤ የሚያለቅሱ ይሁን የሚስቁ መለየት አልቻልኩም። «አንቺ! ነይማ! እጄ እኮ ደህና ነበር! ወላሂ ደህና ነበር! ዘግቼው ነበር!» ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅኩ። እኔን መስደብ ትዝ አላላቸውም።